ጭምብሉን ያወለቀው ኮሜዲያን፦ የስቲቨን ኮልቤር ሁለት መድረኮችና የሐያስያን ፍርድ

ጁላይ 17 ቀን 2025 ምሽት ስቲቨን ኮልቤር በኒውዮርኩ ኤድ ሱሊቫን ቴአትር ለታደሙት ተመልካቾች፣ «ዘ ሌት ሾው» የተሰኘው የማታ የቀልድና የቃለ ምልልስ ፕሮግራሙ በሜይ 2026 እንደሚያበቃ ነገራቸው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ሲናወጥ «ስሜታችሁን እጋራለሁ» አለና፣ በሌላ አቅራቢ እንደማይተካ፣ ዴቪድ ሌተርማን በ1993 በሲቢኤስ የቴሌቪዥን ጣቢያ የጀመረው ፕሮግራም ከነስሙ እንደሚቀር አስረዳ። የሚዘጋው ተመልካች ያጣ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ዜናው የአንድ ቀን ወሬ ሆኖ ባለፈ ነበር። የኮልቤር ፕሮግራም ግን በዚያ ሰዓት በአገሪቱ ትልልቅ ጣቢያዎች ከሚተላለፉት ተመሳሳይ ዝግጅቶች ሁሉ ብዙ ተመልካች ያለው ነበር፤ ይህንንም ደረጃ ለዓመታት ማንም አልነጠቀውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተጻፈው አብዛኛው ትንታኔ በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ውሳኔው የፕሬዚዳንት ትራምፕን ደጅ ለመጥናት የተደረገ ነው ሲል፣ ሌላው የማታ ቴሌቪዥን ገበያ ስለሞተ የመጣ የሒሳብ ጉዳይ ነው ይላል። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት አላቸው፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ነገር ግን ኮልቤር በሁለቱ ፕሮግራሞቹ ያሳለፋቸው 20 ዓመታት በሙሉ ሲታዩ ከሁለቱም ወገን ክርክር ያመለጠ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ይህ ሰው ሐሳቡን በሌላ ሰው አፍ በሚናገርበት ዘመን ኃያላኑ የሚይዙበት ጫፍ አጥተው ነበር። ጭምብሉን አውልቆ በራሱ አንደበት መናገር ሲጀምር ግን በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ፤ በቀላሉ የሚመታ የሆነውም ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ነው። ሐያስያንም ቢሆኑ በየዘመኑ የፈረዱለትና የፈረዱበት፣ ብዙ ጊዜ ይህን ለውጥ ልብ ሳይሉ ነው።

ኮልቤር በ1964 ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ በሳውዝ ካሮላይና ያደገ፣ ለእናቱ ከ11 ልጆች የመጨረሻው ነው። ሐኪም የነበሩት አባቱና በዕድሜ የሚቀርቡት ሁለት ወንድሞቹ በሴፕቴምበር 1974 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ በቺካጎው ሰከንድ ሲቲ ያለ ጽሑፍ የሚተወን ኮሜዲ ሠራ፤ በዚያም የስቲቭ ካሬል ተጠባባቂ ተዋናይ ነበር። በ1997 በዜና ላይ የሚቀልደውን «ዘ ዴይሊ ሾው»ን ተቀላቅሎ ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ስቱዋርት አቅራቢ ሲሆን የዜና ዘጋቢን ኩራትና ባዶነት በሚያሳዩ ዘገባዎቹ ታወቀ። የራሱ ፕሮግራም የተወለደው ከእነዚህ ዘገባዎች ነው።

«ዘ ኮልቤር ሪፖር» በኦክቶበር 17 ቀን 2005 በኮሜዲ ሴንትራል የኬብል ጣቢያ ተጀመረ። አቅራቢው ስሙ ስቲቨን ኮልቤር የሆነ፣ ነገር ግን ስቲቨን ኮልቤር ያልሆነ ሰው ነበር፦ በራሱ የሚመጻደቅ፣ ማስረጃ የሚንቅ፣ ከአንጀቱ የመጣለትን ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚምል ወግ አጥባቂ ተንታኝ። ዋነኛ ሞዴሉ በጊዜው የፎክስ ኒውስ ኮከብ የነበረው ቢል ኦራይሊ ነው። እንግዶች ወደ መድረኩ ከመውጣታቸው በፊት እውነተኛው ኮልቤር ከመድረክ ጀርባ ያገኛቸውና፣ የሚያነጋግራቸው ሰው ሆን ብሎ ምንም የማያውቅ መሆኑን ነግሯቸው፣ ከድንቁርናው እንዲያወጡት ይጠይቃቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ሳይንቲስት ወይም የታሪክ ምሁር ሥራውን ለማስረዳት የሚገደደው ከግትር መሃይም ጋር እየታገለ ነው፤ ተመልካቹም ትግሉን እያየ ይማራል።

የዚህ ጥበብ አሠራር ከሁሉ በላይ የሚታየው «ቃሉ» በሚለው ቋሚ ክፍል ነበር። ኮልቤር የዕለቱን ጉዳይ አንሥቶ በእሳታማ ንግግር ሲያብራራ በስክሪኑ አንድ ወገን አጫጭር ጽሑፎች እየተከታተሉ ይወጣሉ። አፉ የሚለው አንድ ነው፤ ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው። ተናጋሪው መንግሥትን ሲያሞግስ ጽሑፉ ሙገሳው የሸፈነውን ነገር ያወጣዋል፤ ተናጋሪውም ጽሑፉ ከጎኑ መኖሩን ያወቀ አይመስልም። በቅኔ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ በአፍ፣ ወርቁ በስክሪን ይቀርብ ነበር ማለት ይቻላል።

የጭምብሉ ጉልበት የተፈተነው በኤፕሪል 29 ቀን 2006 በዋይት ሐውስ ዘጋቢዎች ማኅበር ዓመታዊ እራት ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሳለ ኮልቤር ከነገጸ ባሕርዩ ቆሞ አሞገሳቸው። ሰውየው ጽኑ መሆናቸውን ሲመሰክር፣ ሰኞ ያመኑበትን ረቡዕም እንደሚያምኑበት፣ ማክሰኞ የፈለገው ነገር ቢፈጠር እምነታቸው እንደማይናወጥ ተናገረ። የኢራቅ ጦርነት በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎት፣ ጦርነቱ የተጀመረበት ምክንያትም መሠረት እንደሌለው ታውቆ ስለነበር፣ ይህ ሙገሳ ከየትኛውም ስድብ የከፋ ነበር። በአዳራሹ የነበሩት ጋዜጠኞችም ድርሻቸው አልቀረላቸውም፤ ባለሥልጣን የሚላቸውን የሚጽፉ ጸሐፊዎች አድርጎ አሳያቸው።

የሐያስያን የመጀመሪያ ትልቅ ስሕተት የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። በማግስቱ ብዙዎቹ የዜና አውታሮች የኮልቤርን ንግግር ችላ ብለው ቡሽና እሳቸውን መስሎ የቀረበው ተዋናይ ስላቀረቡት ቀልድ ዘገቡ። የዋሽንግተን ፖስቱ አምደኛ ሪቻርድ ኮኸን ደግሞ ኮልቤር አላሳቀም፣ ጨዋነትም ጎድሎታል ሲል ጻፈ። በአዳራሹ ሳቅ ቀዝቅዞ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን የአዳራሹ ዝምታ የተለካው በአዳራሹ ሰዎች ጆሮ ነበር፤ ሰዎቹም የቀልዱ ዒላማዎች ነበሩ። ቪዲዮው በጥቂት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ሚሊዮኖች ዘንድ ደረሰና ፍርዱን ገለበጠው። ማኅበሩ በቀጣዩ ዓመት የጋበዘው ሪች ሊትል የተባለ፣ የታዋቂ ሰዎችን ድምፅ በማስመሰል የሚታወቅ ለስላሳ ኮሜዲያን ነው፤ ይህ ምርጫ ከየትኛውም ሒስ ይልቅ የኮልቤርን ንግግር ጥንካሬ ይመሰክራል።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡት ጥናት ሌላ ክርክር አስነሣ። ወግ አጥባቂም ለዘብተኛም ተመልካቾች ፕሮግራሙን እኩል የሚያስቅ ሆኖ አግኝተውታል፤ ነገር ግን ወግ አጥባቂዎቹ፣ ኮልቤር የሚቀልድ እየመሰለ የምሩን ነው የሚናገረው ብለው የማመን ዝንባሌ ነበራቸው። ይህን ውጤት ይዘው «እንግዲህ ምጸት ሰውን አይለውጥም» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ የምረዳው በተለየ መንገድ ነው። በሁለት ጎራ ተከፍሎ አንዱ የሌላውን ጣቢያ የማያይ ሕዝብ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ፕሮግራም ፊት ተቀምጦ መሳቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ጭምብሉ በሩን ለማንም ክፍት አድርጎ ነበር፤ ከወለቀ በኋላ ያ በር ተዘግቷል።

የዘመኑ ጫፍ ግን የምርጫ ገንዘብን ጉዳይ የያዘበት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ኩባንያዎች ለምርጫ ዘመቻ ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያወጡ ከፈቀደ በኋላ «ሱፐር ፓክ» የሚባሉ፣ ለምርጫ ዘመቻ ያለ ገደብ ገንዘብ የሚሰበስቡና የሚያወጡ ድርጅቶች ፈሉ። ጉዳዩ ደረቅ ነው፤ ጋዜጦች ለዓመታት ቢጽፉበትም የገባው ሰው ጥቂት ነበር። ኮልቤር ስለ ሱፐር ፓክ ከመቀለድ ይልቅ ራሱ አንድ አቋቋመ። በ2011 የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ አስፈቀደ፣ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበሩትን ትሬቨር ፖተርን ጠበቃው አድርጎ በየጊዜው ወደ ስቱዲዮ እየጠራ ሕጉን እንዲያስረዱ አደረገ፣ ከተመልካቾቹም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን እያሰበ እንደሆነ አወጀ። ዕጩ ደግሞ ሱፐር ፓክ ማስተዳደር አይችልም። ስለዚህ ፖተር ባሉበት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርሞ ድርጅቱን በካሜራ ፊት ለጓደኛው ለስቱዋርት አስተላለፈ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው «እኛ እኮ በሕግ ፊት አንመካከርም» እያሉ የሕጉን ቀዳዳ አሳዩ። ፕሮግራሙ በዚህ ሥራው የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአነንበርግ ማዕከል ተመራማሪዎችም በ2014፣ የኮልቤር ተመልካቾች ስለ ምርጫ ገንዘብ ሕግ ያወቁት ከሌሎች የዜና ምንጮች ተከታታዮች እንደሚበልጥ አረጋገጡ። አንድ ኮሜዲያን በዚያ ዘመን ከሠራው ሥራ ይህን የሚያህል አላውቅም። በ2013 የምርጥ ቫራይቲ ፕሮግራም የኤሚ ሽልማትን ሲወስድ፣ ለ10 ተከታታይ ዓመታት ሽልማቱን የያዘውን «ዘ ዴይሊ ሾው»ን አሸንፎ ነው።

ፕሮግራሙ በዲሴምበር 2014 አበቃ። ኮልቤርም በሴፕቴምበር 8 ቀን 2015 የሌተርማንን መድረክ ተረከበ፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ጭምብል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ድንግርግር ያሉ ነበሩ። እንደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎች፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያሉ፣ በዚያ ሰዓት የማይታዩ እንግዶችን ያመጣ ነበር፤ ይህ የሚያስመሰግነው ቢሆንም ሐያስያን አቅራቢው ማን እንደሆነ ገና ያልታወቀ፣ ሁሉንም ለማስደሰት የሚጣደፍ ፕሮግራም ነው ብለው ጻፉ። ትክክል ነበሩ። ለ10 ዓመታት ሰውየውን ያየው ሕዝብ ስለ እውነተኛው ኮልቤር ምንም አያውቅም ነበር። ከዚህ መደናገር መካከል ጎልቶ የወጣው በመጀመሪያው ሳምንት ከጆ ባይደን ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ ነው። ልጃቸውን ቦን ከቀበሩ ጥቂት ወራት ብቻ ያለፋቸው ባይደን ስለ ሐዘን ሲናገሩ፣ ከፊታቸው የተቀመጠው አባቱንና ወንድሞቹን በ10 ዓመቱ ያጣ ሰው ነበር። ቀልድ የሌለበት፣ ነገር ግን ያለዚህ አቅራቢ ሊደረግ የማይችል ንግግር ነበር። በ2019 ከሲኤንኑ አንደርሰን ኩፐር ጋር ያደረገው የሐዘን ውይይትም የዚሁ ተከታይ ነው፤ ብዙዎች ከቀልዶቹ ሁሉ አስበልጠው የሚያስታውሱት እሱን ነው።

በጁላይ 2016 አንድ የሚገርም ነገር ተፈጠረ። ኮልቤር የድሮውን ገጸ ባሕርይ ለአንድ ምሽት ወደ አዲሱ መድረክ ቢመልሰው የቀድሞው ኩባንያ ጠበቆች ተቃወሙ፤ ገጸ ባሕርዩ የኩባንያው አእምሯዊ ንብረት ነው አሉ። ኮልቤር ይህን ለተመልካች ነግሮ፣ የዚያ ሰው መንትያ የአጎት ልጅ ነው ብሎ ሌላ ተመሳሳይ ሰው አቀረበ። ሕዝቡ ሳቀ። ነገሩ ግን ለቀልድ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የራሱን ስም የያዘ ሰው፣ የራሱን ፊት የለበሰ ገጸ ባሕርይ፣ የእሱ ንብረት እንዳልነበረ በይፋ የታወቀበት ቀን ነው። የኮሜዲ ሴንትራል ባለቤት የነበረው ቫያኮም በ2019 ከሲቢኤስ ጋር ተዋሐደ፤ ኩባንያውም በ2022 ፓራማውንት ተባለ። ስለዚህ ጭምብሉም መድረኩም በመጨረሻ የአንድ ባለቤት ሆኑ።

ፕሮግራሙን ያዳነው ሁለት ነገር ነው ይባላል፦ በ2016 የተመደበው ዋና አዘጋጅ ክሪስ ሊክት ያመጣው ሥርዓት፣ እና የዶናልድ ትራምፕ መመረጥ። ኮልቤር በየምሽቱ የመክፈቻ ንግግሩን የዕለቱ የዋሽንግተን ዜና ላይ አተኮረ፤ በ2017 መጀመሪያ የኤንቢሲውን ጂሚ ፋለንን በተመልካች ብዛት አልፎ ሄደ። የሐያስያንም ቋንቋ ተለወጠ፤ ከወራት በፊት «ማንነቱን ያጣ» ያሉትን «ድምፁን ያገኘ» አሉት።

ይህን ሁለተኛ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ድምፁን ማግኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተገኘው ድምፅ ከጠፋው ያነሰ የጥበብ ሥራ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ተመልካቹ ወርቁን ራሱ ማውጣት ነበረበት፤ አሁን ግን ሐሳቡ ተፈልፍሎ ይቀርብለታል፣ እሱም ተስማምቶ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ከሳቁ እየበለጠ ሄደ። በሜይ 2017 ትራምፕንና ፑቲንን አስመልክቶ የተናገረው ነውር ያለበት ቀልድ ግብረ ሰዶማውያንን የሚያንቋሽሽ ነው ተብሎ ከግራም ከቀኝም ተተቸ፤ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን የቀረበለትን አቤቱታ መርምሮ እርምጃ ሳይወስድ ተወው። በ2021 መርፌ የለበሱ ዳንሰኞች ስለ ኮሮና ክትባት እየዘፈኑ የታዩበት ዝግጅት ደግሞ መልእክቱ ተገቢ ቢሆንም ከኮሜዲ ይልቅ ለጤና ቢሮ ፖስተር የቀረበ ነበር።

ለውጡን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በጁን 2021 የነበረው ምሽት ነው። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር መዘጋት በኋላ አዳራሹ ለተመልካች ሲከፈት የመጀመሪያው እንግዳ ስቱዋርት ነበር። ቫይረሱ ከዉሃን ቤተ ሙከራ የወጣ ነው ብሎ እንደሚያምን በጩኸት ሲያስረዳ፣ በፔንሲልቬኒያዋ ኸርሺ ከተማ የቸኮሌት ወረርሽኝ ቢነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቸኮሌቱ ፋብሪካ አይደለምን ብሎ ጠየቀ። ኮልቤር እየሳቀ፣ እየተጨነቀም፣ ማስረጃው የቱ ነው እያለ ሊያቆመው ሞከረ። የቀድሞው ገጸ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ከስቱዋርት ብሶ ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶ ተመልካቹን ራሱን ጥርጣሬ ውስጥ ይከተው ነበር። አዲሱ ኮልቤር ግን ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው፤ ኃላፊነት ደግሞ ለምጸት ጠባብ ልብስ ነው።

ይህን ስል ሁለተኛውን ዘመን ለማጣጣል አይደለም። በ2020 ከቤቱ ሲያስተላልፍ ዋነኛዋ ተመልካቹ ባለቤቱ ነበረች፤ ከካሜራው ጀርባ የምትስቀው ሳቅ ከአዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ የበለጠ እውነተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ትራምፕ የድምፅ ቆጠራውን ማጭበርበር ነው ባሉበት ምሽት ጥቁር ለብሶ ሲቃ እየተናነቀው ሲናገር፣ ሰው ሆኖ መቅረብ ምን እንደሚያስገኝ ታይቷል። ያንን ጭምብል ለባሹ ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ወደ 2025 ስንመለስ የገንዘቡ ክርክር ቀላል አይደለም። ጋዜጦች እንደዘገቡት ፕሮግራሙ በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከስር ነበር። ወጣቱ ተመልካች የመክፈቻ ንግግሩን የሚያየው በማግስቱ በዩቲዩብ ቆራርጦ ነው፤ ጣቢያው ከዚያ የሚያገኘው ደግሞ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጋር አይወዳደርም። ኤንቢሲም በ2024 የፋለንን ፕሮግራም ከሳምንቱ አምስት ቀናት ወደ አራት ቀንሷል፤ የሌላውን የማታ አቅራቢውን የሴዝ ማየርስን የሙዚቃ ባንድም አሰናብቷል። ኢንዱስትሪው እየከሳ መሆኑን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ኪሳራው የሚዘጋበትን ቀን አይመርጥም። ፓራማውንት፣ ትራምፕ የሲቢኤሱ የዜና ፕሮግራም «ሲክስቲ ሚኒትስ» ከካማላ ሃሪስ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ላይ የመሠረቱትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር የዘጋው በጁላይ 2025 መጀመሪያ ነው። ኮልቤር በጁላይ 14 ቀን ይህን ክፍያ በአየር ላይ «ድልብ ጉቦ» አለው። ከሦስት ቀን በኋላ መዘጋቱ ተነገረ። በጁላይ 24 ቀን ደግሞ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ፓራማውንት ከፊልም ኩባንያው ስካይዳንስ ጋር የሚያደርገውን 8 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ውህደት አጸደቀ። ሲቢኤስ ውሳኔው የገንዘብ ብቻ እንደሆነ፣ ከይዘቱም ሆነ በኩባንያው ከሚካሄደው ጋር እንደማይገናኝ ገልጿል። ትራምፕ በበኩላቸው የኮልቤርን መባረር እንደወደዱት ጻፉ፤ ኮልቤርም በቀጣዩ ሳምንት ጣቢያው በድምፅ የሸፈነውን ስድብ መለሰላቸው። በ2006 ፕሬዚዳንት ቡሽን በሙገሳ ያቆሰለ ሰው በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕን በግልጽ ስድብ መለሰ፤ የ19 ዓመቱ ጉዞ በእነዚህ ሁለት ምሽቶች መካከል ይታያል። እኔ የማምነው ሁለቱም ምክንያቶች በአንድነት ሠርተዋል ብዬ ነው፦ ኪሳራው ፕሮግራሙን የሚያስወግድ ምክንያት ሰጠ፣ ፖለቲካው ደግሞ ቀኑን ቆረጠ። በሴፕቴምበር ኤቢሲ የማታ ፕሮግራም አቅራቢውን ጂሚ ኪመልን ከአየር አውርዶ ከስድስት ቀን በኋላ የመለሰው፣ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ብሬንደን ካር በይፋ ካስጠነቀቁ በኋላ መሆኑም ይህን ግምት ያጠናክራል።

በዚያው ወር «ዘ ሌት ሾው» በኮልቤር አቅራቢነት የምርጥ ቶክ ሾው የኤሚ ሽልማትን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ሽልማቱ ለአንድ ዓመት ሥራ የተሰጠ ቢመስልም የሙያ አጋሮቹ ለመዘጋቱ የሰጡት ድምፅ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በጥበብ ሚዛን ከታየ የ2012ቱ የሱፐር ፓክ ሥራ የበለጠ ይገባው ነበር። ሲቢኤስ በበኩሉ ከኮልቤር ቀጥሎ የነበረውን ሰዓት በሴፕቴምበር 2025 ለኮሜዲያኑና ለሚዲያ ባለሀብቱ ባይረን አለን ሰጠ። በዚህ ውል መሠረት ወጪውን የሚሸፍነው ጣቢያው አይደለም፤ አለን ሰዓቱን ይገዛል፣ ማስታወቂያውንም ራሱ ይሸጣል። በፕሮግራሙ ላይ የሚቀርቡት ኮሜዲያን የዕለት ዜናና ፖለቲካ አያነሡም፤ ምክንያቱም ዝግጅቱ ከዓመታት በኋላም ተደግሞ እንዲታይ ታስቦ የሚቀረጽ ነው።